ከናይሮቢ ወንዝ እስከ ሕንድ ውቅያኖስ
(ለመምህራን ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



የናይሮቢ ከተማ ስሟን ያገኘችው ከውሃ ነው። በማሳይ ቋንቋ የስሟ ትርጓሜ «ቀዝቃዛ ውሃ» ማለት ነው። ዛሬ ግን በመካከሏ የሚያልፈውን ወንዝ የሚመለከት ሰው ስሙንና መልኩን ማስታረቅ ይቸግረዋል። ሆኖም እኔ ልናገር የተነሣሁት ስለ ወንዙ ጥቁረትና ሽታ አይደለም፤ ይኸንስ ዓይንና አፍንጫ ያስተምራሉ። ልናገር የምሻው ዓይን ስለማያየው፥ ወንዙም ተሸክሞ ስለሚሄደው ነገር ነው።

የናይሮቢ ወንዝ ከከተማው ወጥቶ ከአቲ ወንዝ ጋር ይገናኛል። አቲም ወደ ምሥራቅ ሲወርድ ጋላና፥ ኋላም ሳባኪ እየተባለ ከማሊንዲ ከተማ በስተ ሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። እንግዲህ በማታሬና በሙኩሩ ሰፈሮች ወደ ቦይ የሚደፋው ፍሳሽ፥ በኪያምቡ የቡና ማሳዎችም ዝናብ የሚያጥበው ማዳበሪያ፥ መንገዳቸው አንድ ነው።

በእነዚህ ውስጥ ናይትሮጂንና ፎስፎረስ የተባሉ ሁለት ነገሮች ይገኛሉ። እነዚህም በራሳቸው ክፉ አይደሉም፤ ያለ ናይትሮጂን እህል አያፈራም፥ ያለ ፎስፎረስም የሕፃን አጥንት አይጸናም። ከውሃ በገቡ ጊዜ ግን አልጌ የሚባሉትን ጥቃቅን ፍጥረታት ይመግባሉ። አልጌውም ከልክ በላይ በዝቶ የሞተ እንደ ሆነ፥ ሲበሰብስ በውሃው ያለው ኦክስጂን ስለሚያልቅ ዓሣው ታፍኖ ይሞታል። ከአልጌ ዓይነቶችም መርዝ የሚያመነጩ አሉ።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነን እ.ኤ.አ. በ1973 በካናዳ የተደረገው ሙከራ ነው። ዴቪድ ሺንድለር የተባለው ሊቅና ባልደረቦቹ አንድ ትንሽ ሐይቅ በመጋረጃ ለሁለት ከፍለው፥ በአንዱ ወገን ካርቦንና ናይትሮጂን፥ በሌላው ወገን ከነዚሁ ጋር ፎስፎረስ ጨመሩ። ፎስፎረስ የተጨመረበት ወገን በአልጌ አረንጓዴ ሆነ። በባሕር ዳርቻ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አልጌን የሚገታው የናይትሮጂን ማነስ ነውና፥ ከከተማ እስከ ባሕር ለሚወርድ ወንዝ ሁለቱንም መጠበቅ ያስፈልጋል።

እርግጥ ነው፥ በባሕር ላይ የሚታየው አልጌ ሁሉ የሰው እጅ ሥራ አይደለም፤ ነፋስና የባሕር ሞገድም ከጥልቁ ምግብ ያወጡለታል። ከናይሮቢ የሚወርደውም ናይትሮጂን በሙሉ ባሕር አይደርስም። የወንዙ ጥናት እንደሚያስረዳው፥ በበጋ ብዙው በመንገድ ላይ በባክቴሪያ ተለውጦ ይቀራል፤ በዝናብ ወራት ግን ውሃው ስለሚፈጥን ወደ ባሕር የሚያልፈው ይበዛል። እዚያም ከዳርቻው ዓሣ አስጋሪዎችና እ.ኤ.አ. በ1968 ከተከለለው ከማሊንዲ የባሕር ፓርክ ኮራሎች አጠገብ ይፈስሳል።

መርዙ በሰው ላይ የሚያመጣውን አደጋ ለመረዳት ደግሞ ወደ ምዕራብ፥ ኪሱሙ ወዳለችበት የቪክቶሪያ ሐይቅ ሰላጤ እንመልከት። በዚያ መርዛም አልጌ በተደጋጋሚ ታይቷል፤ ከሐይቁ በቀጥታ ቀድቶ የሚጠጣም ሕዝብ አለ። እኛ መምህራን «ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ» ብለን እናስተምራለን። ይህ ትክክል ነው፤ ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል። የአልጌውን መርዝ ግን አያጠፋም። ልጁ ይኸን ሳያውቅ የመምህሩን ቃል ጠብቆ አረንጓዴውን ውሃ አፍልቶ ቢጠጣ፥ ትምህርታችን ጎደሎ ሆነ ማለት አይደለምን?

ጎደሎ ያደረገውም የትምህርቱ መከፋፈል ነው። በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤታችን ጤና አጠባበቅን አንዱ፥ እርሻን ሌላው፥ ጂኦግራፊን ሦስተኛው ያስተምራል። አንዱ ፍሳሹን ከቤት አርቁ ይላል፤ ሁለተኛው ማዳበሪያ ጨምሩ ይላል፤ ሦስተኛው ወንዙን በካርታ ላይ ያሳያል። ወንዙ ግን ሦስቱን በአንድነት ይሸከማል። ስለዚህ የወደፊቱ መምህር ሦስቱን ትምህርት አጋጥሞ ሊያስተምር ይገባዋል። ለዚህም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የኩሬ ውሃ በሁለት ብርጭቆ ቀድቶ፥ በአንዱ ጥቂት ማዳበሪያ ጨምሮ፥ ሁለቱንም ፀሐይ በሚያገኝ መስኮት አጠገብ አስቀምጦ፥ ተማሪዎቹ በየቀኑ እየተመለከቱ እንዲጽፉ ማድረግ ይበቃል።

ይህም የናይሮቢ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአዲስ አበባ ፍሳሽ የሚወርድበት አቃቂ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በቆቃ ሐይቅ ያልፋል። በዚያም መርዛም አልጌ ተገኝቷል።

አባቶቻችን «ውሃን ከጥሩ፥ ነገርን ከሥሩ» ብለዋል። የዚህ ነገር ሥሩ በጓሮአችንና በማሳችን ነው፤ መድኃኒቱም ለእህል የሚሆነውን ምግብ ወደ መሬት መመለስ፥ ከወንዝም መከልከል ነው። ይኸንንም ለሕዝቡ ለማስረዳት ከመምህር የቀረበ ማንም የለም።