ከአንድ አካል ስለሚገኙ ፍጥረታት
(በሳይንስ ክበባችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ሕይወት ያላቸው ፍጥረታት ስለሚራቡበት መንገድ ነው። መንገዱ ሁለት ነው። በአንደኛው ተባዕትና እንስት ይሳተፋሉ፤ በሁለተኛው ግን ከአንድ ወላጅ አካል ብቻ እርሱኑ የመሰለ ሌላ ይገኛል። ይህ ሁለተኛው ክሎኒንግ ይባላል። ስሙ ሲጠራ ብዙ ሰው የሚያስበው በፈረንጅ አገር በላቦራቶሪ ስለ ተገኘችው በግ ነው፤ እኔ ግን አስቀድሜ ወደ እንሰት ማሳ ልውሰዳችሁ።

በጉራጌ፥ በሲዳማ ወይም በጌዴኦ እንሰት የሚተክል ገበሬ ዘር አይዘራም። ጥቂት ዓመት የሆነውን እንሰት መርጦ ግንዱን ከመሬት አጠገብ ይቆርጣል፤ በአሚቾው መካከል ያለውንም የማደጊያ እምብርት ፈልፍሎ ያወጣል። ከዚያ በኋላ አፈርና ፍግ ያለብሰዋል። እምብርቱ ሳይወጣ ቢቀር ተክሉ ያንኑ አንዱን ግንድ እንደ ገና ለማብቀል ይጣጣራል። ሲወጣ ግን ተኝተው የነበሩት ቡቃያዎች በዙሪያው ይነሣሉ፤ ከአንድ አሚቾም ብዙ ዐሥር፥ አንዳንድ ጊዜም ከመቶ የሚበልጥ ችግኝ ይገኛል። የእናቲቱ ቆጮ መልካም ከሆነ የልጆቿም እንዲሁ ነው። ይህን ጥበብ ያገኙት ሰዎች ስማቸው በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ በእኔ አስተያየት ግን ከሊቃውንት ጋር ቢቆጠሩ አያንስባቸውም።

በግ ግን ቆርጠው ቢተክሉት አይበቅልም። ስለዚህ በስኮትላንድ፥ በኤዲንበርግ አጠገብ በሚገኘው በሮዝሊን ተቋም እነ ኢያን ዊልሙትና ኪት ካምቤል ሌላ ዘዴ ተጠቀሙ። ስድስት ዓመት ከሆናት ነጭ ፊት በግ ጡት ሕዋስ ወሰዱ። ፊቷ ጥቁር ከሆነ ከሌላ በግ ደግሞ እንቁላል ወስደው ኒውክሊየሱን አወጡና ሁለቱን በኤሌክትሪክ ኃይል አዋሐዷቸው። 277 እንቁላል እንዲህ ተደርጎ ወደ በጎች ማሕፀን ለመግባት የበቁት ፅንሶች 29 ብቻ ነበሩ፤ ከእነዚህም በሕይወት የተወለደችው አንዲት ናት። እርስዋም እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 1996 የተወለደችው ዶሊ ናት። የተሸከመቻት እናት ጥቁር ፊት ሳለች ግልገሊቱ ነጭ ፊት ይዛ ብቅ አለች! አንዳንዶች እንደሚያስቡት ግን አድጋ አልተወለደችም። እንደ ማንኛውም ግልገል ጠብታ አደገች፥ በኋላም ወለደች፥ በ2003 ሞተች።

እንግዲህ አንድ ወላጅ ከበቃ፥ አባትና እናት ለምን ያስፈልጋሉ? መልሱ ልዩነት ነው። ሰው ከእናቱ 23፥ ከአባቱም 23 ክሮሞዞም ይቀበላል። ከየጥንዱ አንዱ በዕጣ እንደሚወጣ ያህል ሲደርስ፥ አንድ ወላጅ ሊሰጠው የሚችለው ድልድል ከ8 ሚሊዮን ይበልጣል። ከአንድ እንቁላል ከተገኙ መንታዎች በቀር ወንድማማቾች የማይመሳሰሉት ስለዚህ ነው።

ልዩነት የጠፋበት ማሳ በሽታ ሲመጣበት መከላከያ የለውም። በአየርላንድ ብዙ ድኃ ይበላው የነበረው ድንች ላምፐር የሚባል አንድ ዝርያ ነበር፤ ድንችም የሚተከለው ከራሱ ከድንቹ ነው። በ1845 የድንች ዋግ ገባበት፤ በተከተሉትም የረኃብ ዓመታት አንድ ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ አለቀ። የመንግሥቱ ቸልተኝነት ጉዳቱን አባብሶታል፤ ማሳው ግን ራሱን ለማዳን የሚያስችል አንዳች ልዩነት አልነበረውም።

ይህ ነገር እኛንም ይነካል። አጠውልግ የተባለውን የእንሰት በሽታ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1968 በጽሑፍ አሳውቀዋል። ቅጠሉን አጠውልጎ ተክሉን የሚገድል ባክቴሪያ ነው፤ የታመመውን የቆረጠ ቢላዋ ሳይጸዳ ጤነኛውን ቢቆርጥ በሽታውን ያሻግረዋል። ከ20 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ በእንሰት ይኖራል። ደግነቱ አስተዋይ ገበሬ በአንድ ጓሮ ብዙ ዓይነት ይተክላል፤ አንዱ ለቡላ፥ አንዱ ለቃጫ፥ አንዱ ለአሚቾ። በወላይታ ማዚያ የሚባለው ዝርያ አጠውልግን ከብዙዎቹ ይልቅ እንደሚቋቋም በምርመራ ታይቷል። ለገበያ የሚመቸውን አንዱን ብቻ እናብዛ የሚል ሰው ሲመጣ እኔ የአየርላንድ ድንች ይታወሰኛል።

በደቡብ ምዕራብ ጫካ የሚገኘው የዱር እንሰት ግን ዛሬም አብቦ በዘር ይራባል፤ አዲስ ልዩነት የሚወለደው ከዚያ ነው። ጫካው እየተመነጠረ ነው።