«ኪፕ» ሁልጊዜ «ጠብቅ» አይደለም

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት አጭር የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ «ኪፕ» ስለምትባለው።

በአዋሽ አርባና በመልካ ወረር አካባቢ በጥጥ እርሻ የሠራችሁ ሁሉ ቃሏን ሳታውቋት ታውቋታላችሁ። የሠራተኛውን ሰዓት የሚቆጣጠረውን «ታይም ኪፐር»፣ ዕቃ ቤት የሚጠብቀውን «ስቶር ኪፐር» ትሉት የለ? እኔም ይህንኑ ይዤ «ኪፕ ማለት ጠብቅ» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌ የአምስተኛ ክፍል ልጆችን አስጠናሁ።

ከሳምንት በኋላ አንድ ተማሪዬ፣ እናቱ ለውሃ መቅጃ ከገበያ የገዙት ጀሪካን ላይ ያለውን ጽሑፍ ገልብጦ አመጣልኝ። «ኪፕ አውት ኦፍ ሪች ኦፍ ችልድረን» ይላል። ልጁ የሚያውቀው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቃል ብቻ ነው። «ቲቸር፣ ልጆችን የሚጠብቅ መድኃኒት ነበረበት ማለት ነው» አለኝ።

ደነገጥሁ። ጽሑፉ የሚለው «ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ አስቀምጥ» ነው። ዕቃው የጥጥ ተባይ መርዝ የነበረበት ነው።

ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የኔ ነው። በገዛ ቋንቋችንስ ዘበኛ በር ይጠብቃል፣ መንገደኛ መኪና ይጠብቃል፣ እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ ይጠብቃል እንል የለም ወይ? ፊደሉ አንድ ነው፤ ሦስተኛው ግን ላልቶ ይነበባል። (መጥበቅን የሚናገረው ራሱ መላላቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።) «ኪፕ»ም እንዲሁ ነች፤ ጎረቤቷን አይታ ትለዋወጣለች። ከረጢት ላይ «ኪፕ ድራይ» ቢል እርጥበት አይንካው ነው። መንገድ ላይ «ኪፕ ራይት» ቢል ቀኝህን ይዘህ ንዳ ነው። «ኪፕ ኦፍ» ካለ አትጠጋ፤ «ኪፕ አዌይ ፍሮም ፉድ» ካለ ከምግብ አርቅ።

እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው ቀለሙን ይመልከት። በብዙ የተባይ መርዝ ዕቃዎች ላይ፣ ከወረቀቱ ግርጌ፣ ባለ ቀለም መስመር አለ። ቀዩ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ከዚያ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ በመጨረሻ አረንጓዴ። አረንጓዴም ቢሆን ውሃ አይቀዳበትም። ፕላስቲኩ መርዙን ስለሚመጥ በሳሙናም በአመድም ቢታጠብ አይታመንም።

የዚያኑ ዕለት ከልጁ ጋር ቤታቸው ሄድሁ። እናቱ ጀሪካኑን ሦስት ጊዜ አጥበው ጥላ ሥር ደፍተውታል፤ ደግነቱ ገና ውሃ አልቀዱበትም። ልጁ ነገሩን በአፋርኛ አስረዳቸው። ዝም ብለው ሰሙና ቢላዋ አምጥተው ጎኑን ቀደዱት። ከዚያ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ልጁ ተረጎመልኝ፦ «ገንዘቤን ማን ይመልስልኛል? ነገስ በምን እቀዳለሁ?» ነው ያሉት። ለሁለቱም መልስ አልነበረኝም።