ስዊድንኛ ለኢሉባቦር ጆሮ

ስዊድንኛ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ሩቅ ቋንቋ መስሎ ቢታይም፣ ሰዋስዉ ከአማርኛና ከኦሮምኛ ጋር የሚቀራረብባቸው ነጥቦች ከሚገመተው በላይ ናቸው፤ ተማሪውን በእርግጥ የሚያስቸግሩት ነገሮች ደግሞ ጥቂትና ተለይተው የሚታወቁ በመሆናቸው፣ ድካሙን በእነሱ ላይ ያዋለ ሰው ጥሩ መሠረት ይይዛል። ጉዳዩን በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙና በኡካ ላሉ አድማጮች ማንሳት ተገቢ የሚሆንበት ሌላም ምክንያት አለ። ከዚሁ ከሁሩሙ አካባቢ የተገኙት ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው ለባርነት ተሸጠው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ከወጡ በኋላ በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረዋል፤ ከ1876 እስከ 1881 ደግሞ ስዊድን አገር በዮሐንሉንድ የሚሲዮናውያን ማሠልጠኛ አጥንተዋል። በ1899 ታትሞ የወጣውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎሙት እኚህ ሰው፣ ስዊድንኛን ጠንቅቀው ከተማሩት ኢትዮጵያውያን ከቀዳሚዎቹ አንዱ ናቸው።

መጀመሪያ ሊጠና የሚገባው ስም ነው። በስዊድንኛ እያንዳንዱ ስም ከሁለት የሰዋስው ጾታዎች በአንዱ ሥር ይመደባል፤ የአንደኛው ምልክት «ኤን»፣ የሁለተኛው «ኤት» የሚባል፣ ከስሙ በፊት የሚቆም ቃል ሲሆን፣ ሁለቱም የአማርኛውን «አንድ» ይመስላሉ። ከስሞቹ ከአራቱ ሦስቱ ያህል የኤን ወገን ናቸው። መጽሐፍ «ኤን ቡክ»፣ ቤት «ኤት ሁስ» ይባላል፤ ምደባው ከወንድነትና ከሴትነት ጋር ስለማይገናኝ መጽሐፍ ለምን በዚህ፣ ቤት ለምን በዚያ ወገን እንደ ገባ ስሙን አይቶ መገመት አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። የአማርኛው ጾታ ከሰውና ከእንስሳ ጋር ሲሆን በተፈጥሮ ላይ ስለሚመሠረት፣ ለግዑዝ ነገርም እንደ ተናጋሪው ስሜት ሊለዋወጥ ስለሚችል፣ አማርኛ ተናጋሪው ይህን ቋሚ ምደባ በቃል መያዝ ግድ ይሆንበታል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን ለአገራችን ሰው የተመቸ ነው። ተናጋሪና ሰሚ ለይተው የሚያውቁትን ነገር የሚያመለክተው ምልክት፣ በሰዋስው አጠራር እሙርነትን የሚገልጸው፣ በስዊድንኛ እንደ እንግሊዝኛ ከስሙ በፊት አይመጣም፤ ከስሙ መጨረሻ ላይ ይለጠፋል። «ቡክ» መጽሐፍ ሲሆን «ቡከን» መጽሐፉ፣ «ሁስ» ቤት ሲሆን «ሁሰት» ቤቱ ነው። አማርኛው «ቤት»ን «ቤቱ»፣ ኦሮምኛው «ነማ»ን «ነሚቻ» የሚያደርግበት መንገድ ይኸው ነው። እንግሊዝኛን አስቀድሞ ያጠና ተማሪ ይህን ዝምድና ሳያስተውል፣ በእንግሊዝኛ ልማድ ከስሙ በፊት ቃል ሲፈልግ መገኘቱ የሚያሳዝን ነው፤ ወደ ገዛ ቋንቋው ቢመለስ መልሱ እዚያ ነበር። ልዩነቱ የሚመጣው ቅጽል ሲጨመር ነው። አማርኛ «ትልቁ ቤት» ሲል ምልክቱን ከስሙ ላይ አንሥቶ ለቅጽሉ ሲሰጥ፣ ስዊድንኛ ግን «ዴት ስቱራ ሁሰት» ብሎ ከፊት ነፃ ቃል ያቆማል፣ ቅጽሉን ያስተካክላል፣ በስሙ ላይ ያለውንም ምልክት ሳይነካ ይተወዋል፤ አንድ ሐሳብ በሦስት ቦታ ምልክት ይደረግበታል ማለት ነው።

ግሱ ከሁሉ ይቀላል። አማርኛ «አነባለሁ፣ ታነባለህ፣ ታነባለች» እያለ ለየባለቤቱ መልኩን ሲለውጥ፣ የስዊድንኛው «ሌሰር» ለእኔም፣ ለአንተም፣ ለእነሱም ያው ነው። የዚህ ቅለት ዋጋ ግን ተውላጠ ስሙን ፈጽሞ መተው አለመቻል ነው፤ በአማርኛ «አነባለሁ» ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲሆን፣ በስዊድንኛ «ያግ ሌሰር» መባል አለበት። በኦኔሲሞስ የተማሪነት ዘመን ነገሩ ይከብድ ነበር፤ የጽሑፍ ስዊድንኛ ያኔ ለብዙ ቁጥር ባለቤት የተለየ የግስ መልክ ነበረው፣ ይህም ከመደበኛው ጽሑፍ የወጣው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ነው። የቃላት አጻጻፉም በ1906 ተሻሽሎ ከመቅለሉ በፊት ነበር። ያለፈውን ጊዜ ሲገልጹ በውስጣቸው ያለውን አናባቢ የሚለውጡ ግሶች አሉ፤ መጻፍ «ስክሪቫ»፣ ጻፈ «ስክሬቭ»፣ ጽፏል ደግሞ «ሃር ስክሪቪት» ነው። ተነባቢዎቹ ጸንተው አናባቢው የሚለዋወጥበት አሠራር ግን «ጻፈ፣ ይጽፋል፣ መጻፍ» እያለ ላደገ ሰው አዲስ አይደለም።

እውነተኛው ፈተና የቃላት ቅደም ተከተል ነው። አማርኛና ኦሮምኛ ግስን ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲያኖሩ፣ ስዊድንኛ በዋና ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚዘረዘረውን ግስ ከሁለተኛው ቦታ አያነቃንቀውም። «ያግ ሌሰር ቡከን ኢ ዳግ» ማለት መጽሐፉን ዛሬ አነባለሁ ማለት ሲሆን፣ «ዛሬ» የሚለው «ኢ ዳግ» ወደ ፊት ከመጣ ባለቤቱ ከግሱ ኋላ ይሄድና «ኢ ዳግ ሌሰር ያግ ቡከን» ይሆናል። ግሱ ቦታውን አልለቀቀም፤ የተፈናቀለው ባለቤቱ ነው። በጥገኛ ሐረግ ውስጥ ደግሞ ሕጉ ይለወጣል፤ «ሃን ሌሰር ኢንተ»፣ አያነብም፣ ሲባል አፍራሹ «ኢንተ» ከግሱ በኋላ ሲመጣ፣ «እንደማያነብ ትናገራለች» ለማለት ግን «ሁን ሴየር አት ሃን ኢንተ ሌሰር» ተብሎ ከግሱ ይቀድማል። ስዊድን ውስጥ ዓመታት የኖሩ ሰዎች እንኳ የሚሳሳቱት በዚህ ላይ በመሆኑ፣ ከቃላት ክምችት ይልቅ እነዚህን ሁለት ሕጎች ማለማመድ ይበልጣል።

ስለ ድምፅ ብዙ ማለት አያስፈልግም። «አለ» ላልቶ መናገርን፣ ጠብቆ መኖርን እንደሚያመለክት የሚለይ ጆሮ፣ «ታክ» የሚለው ቃል አናባቢው ሲረዝም ጣሪያ፣ ተነባቢው ሲጠብቅ ምስጋና መሆኑን ለመለየት አይቸገርም፤ ርዝመትንና ጥብቀትን ፊደል እየደገመ የሚጽፈውን ቁቤ ያነበበም በስዊድንኛው አጻጻፍ ብዙ አይደናገርም።

በአክብሮት አነጋገር በኩልም ሸክሙ ቀሏል፤ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ስዊድናውያን ሐኪሙንም አለቃውንም «ዱ»፣ ማለትም አንተ ወይም አንቺ፣ ብለው ይጠራሉ፤ ስለዚህ «እርስዎ»ን የለመደ ኢትዮጵያዊ በድፍረት እንዳይቆጠርበት ሊሠጋ አይገባውም። ቋንቋውን ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ወደ ዘመድ ለመሄድ የሚሻ ሰው እያንዳንዱን አዲስ ስም ከኤኑ ወይም ከኤቱ ጋር አድርጎ በደብተሩ ይጻፍ፣ የጻፈውንም ዓረፍተ ነገር አንዴ በባለቤቱ፣ አንዴ በጊዜው፣ አንዴም በቦታው እየጀመረ፣ ግሱን ከሁለተኛው ቦታ ሳያነቃንቅ ጮክ ብሎ ያንብብ።