ሌሊት ሳለ ብርሃንን መጠበቅ

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ይገባል። ከታኅሣሥ 7 ቀን ጀምሮ ያሉት ሦስቱ ሳምንታት ስብከት፥ ብርሃን፥ ኖላዊ ይባላሉ። ብርሃን ታኅሣሥ 14 ቀን የሚጀምር ሲሆን፥ የዓመቱ ረጅም ሌሊት ካለፈ በጥቂት ቀን ነው፤ ይህንም በማኅሌት ቆመው የሚያድሩት ካህናት ከማንም ይልቅ ያውቁታል።

ነቢዩ ኢሳይያስ ስለ ብርሃን የተናገረው አገር ጸጥ ባለበት ዘመን አይደለም። የሶርያና የእስራኤል ነገሥታት ተማክረው ኢየሩሳሌምን ሊይዙ ወጥተው ነበር። ንጉሡ አካዝ ፈራ፤ የቤተ መቅደሱን ብርና ወርቅ ሰብስቦ ለአሦር ንጉሥ ላከና በእርሱ ታመነ። ነቢዩ ግን ስለሚወለድ ሕፃን ነገረው። አስተውሉ፤ ጠላት ለከበባት ከተማ ሕፃን ምን ይረዳታል? የአካዝ ዓይን ሠራዊት ይፈልግ ነበርና ተስፋውን ንቆ ተወው። ኢሳይያስም የተናገረውን በዓይኑ ሳያይ ዐረፈ፤ ነገሩ እስኪፈጸም ከ700 ዓመት በላይ ሆነ። እንግዲህ ይህ ጾም ሳያዩ የጠበቁት ሰዎች ጾም ነው።

ልጅዋን ቀብራ የመጣች እናት በብርሃን እሑድ ጧፍ ስታበራ ኀዘኗ አልቆላት አይደለም። ከነጠላዋ በታች እንባዋን እየጠረገች፥ ቅዳሴው እስኪፈጸም ከሴቶች መቆሚያ አትነቃነቅም።