ለመምህርቷ የተዋጣው ስጦታ



ያለንበት የጋይንት ቤተ ልሔም ከጥንት ጀምሮ የድጓ ማስመስከሪያ ነው። አገሬው ለቆሎ ተማሪ ቁራሽ መስጠትን ያውቅበታል። ስለዚህ የልጆቻችን መምህርት የወሊድ ፈቃድ ስትወጣ፣ ወላጆች «አራስ በባዶ እጅ አትጠየቅም» ብለው ቢያዋጡ አላስገረመንም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ይፈቅድ ነበር። የአራስ ቤት ወጪ ግን ከደመወዝ ያልፋል።

ጥፋቱ የእኛ ነበር። «እያንዳንዱ 100 ብር» ብለን ስም ጻፍን፤ ዝርዝሩንም በስብሰባ አነበብን። የአንዲት እናት ስም አልነበረበትም። በማግሥቱ ልጇ ከትምህርት ቀረ።

ጌታችን በቤተ መቅደስ የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም እንዴት እንደ ቆጠረ አሰብንና አፈርን። ዝርዝሩን ቀደድን፤ ክዳን ያለው ሣጥን አስቀመጥን፤ እናቲቱንም ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። እርሷም አንድ ጣሳ የገብስ ዱቄት ለገንፎ አመጣች። ስጦታው በልጆቹ ሁሉ ስም ተሰጠ፤ ልጁም ተመለሰ።

እንግዲህ በየፕሮጀክታችን መዋጮ ስንሰበስብ ድኻውን በአደባባይ አናሳፍር። ከገንዘቡ በፊት ሰውየውን እንይ።