ከቆጠራው በኋላ፤ አብላጫ ድምፅ ባልተገኘበት ጊዜ መንግሥት ስለ መመሥረት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ምርጫ ሕግ በየጉባኤው ስንወያይ የምናተኩረው አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ እስከሚቆጠርበት ሰዓት ድረስ ባለው ሥራ ላይ ነው። መራጩ እንዴት እንደሚመዘገብ፣ የድምፅ መስጫው ሣጥን እንዴት እንደሚታሸግ፣ አቤቱታ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚቀርብ ብዙ ተጽፏል። ቆጠራው ተጠናቆ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱም ከግማሽ በላይ መቀመጫ ሳያገኝ የቀረ እንደሆነ ስለሚከተለው ሥራ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ዛሬ የተሰጠኝን ጊዜ ለዚህ ጉዳይ ላውለው አስቤአለሁ።

በመሠረቱ ሕዝብ በምርጫ የሚሰጠው የምክር ቤት መቀመጫ ነው፤ መንግሥት የሚወጣው ከመቀመጫዎቹ ድምር ነው። አንድ ፓርቲ ብቻውን ከግማሽ በላይ የያዘ እንደሆነ ሁለቱ ነገሮች ተከታትለው ስለሚፈጸሙ ልዩነታቸው አይታየንም። መቀመጫው የተበታተነ እንደሆነ ግን በምርጫውና በመንግሥቱ መካከል ያለው ጊዜ ይረዝማል። በዚያ ጊዜ አገርን ጸንታ እንድትቆይ የሚያደርጋት አስቀድሞ የተጻፈ ወይም በልማድ የጸና ሥርዓት ነው። ይህንንም ለማስረዳት የቤልጂየምን ታሪክ በምሳሌነት እወስዳለሁ።

በቤልጂየም እ.ኤ.አ. ጁን 13 ቀን 2010 ምርጫ ተደረገ። ከተወካዮች ምክር ቤት 150 መቀመጫዎች ውስጥ የፍላንደርስ ብሔርተኞች ፓርቲ 27፣ የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ሶሻሊስት ፓርቲ 26 አገኙ። አንደኛ የወጣው ፓርቲ የምክር ቤቱን አንድ አምስተኛ እንኳ አልያዘም ማለት ነው። በዚያች አገር ፓርቲዎቹ በቋንቋ የተከፈሉ ስለሆኑ ደች ተናጋሪውና ፈረንሳይኛ ተናጋሪው መራጭ በአብዛኛው የሚመርጡት የየራሳቸውን ፓርቲ ነው። የሰሜኑ አሸናፊ ለክልሎች ሰፊ ሥልጣን ይጠይቅ ነበር፤ የደቡቡ አሸናፊ ደግሞ የማዕከሉ መንግሥትና የማኅበራዊ ዋስትናው አንድነት እንዲጠበቅ ይሻ ነበር። ብራስልስንና በዙሪያዋ ያሉትን የፍላንደርስ ወረዳዎች አጣምሮ የያዘው የምርጫ ክልል ይከፈል፣ አይከፈል የሚለውም ክርክር በመካከላቸው ቆሞ ነበር።

ንጉሥ አልበርት ዳግማዊ በአገሩ ልማድ መሠረት የፓርቲ መሪዎችን እየጠሩ አነጋገሩ። በመጀመሪያ ባርት ደ ዌቨር የፓርቲዎቹን አቋም እንዲያጣሩ፣ ቀጥሎም ኤልዮ ዲ ሩፖ የስምምነቱን መንገድ እንዲጠርጉ ኃላፊነት ተሰጣቸው። ይህ ሳይሳካ ሲቀር ሌሎች መልእክተኞች አስታራቂ፣ አብራሪ፣ አደራዳሪ እየተባሉ ተራ በተራ ተሾሙ። የማዕረጉ ስም ይለዋወጥ እንጂ፣ ሥራው በዚህን ያህል ቀን ያልተፈጸመ እንደሆነ ይህ ይደረጋል የሚል ድንጋጌ አልነበረም። በመጨረሻም ስድስት ፓርቲዎች ተስማምተው በዲ ሩፖ ጠቅላይ ሚኒስትርነት አዲሱ መንግሥት ቃለ መሐላ የፈጸመው ዲሴምበር 6 ቀን 2011፣ ከምርጫው 541 ቀናት በኋላ ነው። በምርጫው አንደኛ የወጣው ፓርቲ ከስድስቱ አንዱ አልነበረም።

ለመሆኑ በእነዚህ 541 ቀናት አገሪቱን ማን አስተዳደራት? ሥልጣኑን ለመልቀቅ የተሰናዳው የኢቭ ለቴርም መንግሥት ነበር። በቤልጂየም የሕግ ልማድ ተሰናባች መንግሥት ሦስት ዓይነት ሥራ መሥራት ይችላል፤ ይኸውም የዕለት ተዕለቱን፣ አስቀድሞ የተጀመረውንና አስቸኳዩን ነው። አዲስ የፖሊሲ መንገድ መቀየስ አይፈቀድለትም። አዲስ በጀት ባልጸደቀባቸው ወራት ምክር ቤቱ ለእያንዳንዱ ወር የዓመቱን በጀት አንድ አሥራ ሁለተኛ እያሰላ ወጪ ይፈቅድ ነበር። ትምህርት ቤቶችን የመሳሰሉት አገልግሎቶች በቋንቋ ማኅበረሰቦቹና በክልሎቹ መንግሥታት እጅ ስለነበሩ ሥራቸው አልተቋረጠም። ከዕለት ተዕለት ሥራ የሚያልፍ ጉዳይ ሲመጣ ተሰናባቹ መንግሥት ወደ ምክር ቤቱ ይመለስ ነበር፤ በማርች 2011 የቤልጂየም አውሮፕላኖች በሊቢያው ዘመቻ የተሳተፉት ምክር ቤቱ ከተስማማ በኋላ ነው። የአስፈጻሚው ሥልጣን ሲጠብ የምክር ቤቱ ቁጥጥር ሰፋ፤ ሚዛኑም በዚህ ተጠበቀ።

ይሁን እንጂ የቤልጂየም ሥርዓት አገሪቱን ከመውደቅ ቢጠብቃትም ስምምነቱን የሚያስገድድ ቀነ ገደብ አልነበረውም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎች በጃንዩዋሪ 2011 በብራስልስ አደባባይ ቅሬታቸውን ቢያሰሙም ድርድሩ አልተፋጠነም። ኖቬምበር 25 ቀን 2011 አንድ ዓለም አቀፍ የብድር ደረጃ መዳቢ ድርጅት የአገሪቱን ደረጃ ዝቅ ባደረገ ማግሥት ፓርቲዎቹ በበጀቱ ላይ ተስማሙ። ሕጉ ያላስቀመጠውን ቀነ ገደብ የገንዘብ ገበያው አስቀመጠው።

የጀርመን መሠረታዊ ሕግ በበኩሉ ደረጃ በደረጃ የሚያስኬድ መንገድ አለው። በአንቀጽ 63 መሠረት ፕሬዚዳንቱ ለመራሔ መንግሥትነት የሚያቀርቡት ሰው ከምክር ቤቱ አባላት ከግማሽ በላይ ድምፅ ካላገኘ ምክር ቤቱ ራሱ በ14 ቀናት ውስጥ ሌላ ሰው ለመምረጥ ይችላል። ይህም ካልሆነ ከሁሉ የበለጠ ድምፅ የሚያገኘውን ለመለየት ወዲያውኑ ድምፅ ይሰጣል። የተመረጠው ሰው ከግማሽ በታች ድምፅ ይዞ የተገኘ እንደሆነ ፕሬዚዳንቱ በሰባት ቀን ውስጥ ወይ ይሾሙታል፣ ወይም ምክር ቤቱን ይበትናሉ። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2017 ምርጫ በኋላ መንግሥት ለመመሥረት 171 ቀናት ቢፈጅም፣ ድርድሩ ቢከሽፍ ቀጥሎ የሚመጣውን ተደራዳሪዎቹ ሁሉ ያውቁ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ከ1987 እስከ 2013 ዓ.ም. በአገራችን በተደረጉት ስድስት ጠቅላላ ምርጫዎች ሁልጊዜ ከግማሽ በላይ መቀመጫ የያዘ አንድ ድርጅት ወይም ግንባር ስለነበረ ይህ ጥያቄ በተግባር አልተፈተነም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 60 ጣምራ መንግሥት ፈርሶ አብላጫነቱን ያጣ እንደሆነ ፕሬዚዳንቱ ሌላ ጣምራ መንግሥት በአንድ ሳምንት ጊዜ ውስጥ እንዲመሠረት ፓርቲዎችን እንደሚጋብዝ፣ ካልተስማሙም ምክር ቤቱ ተበትኖ አዲስ ምርጫ እንደሚደረግ ይደነግጋል። ከዚያ በኋላ ያለው መንግሥት የዕለት ተዕለት ሥራ ከማከናወንና ምርጫ ከማካሄድ በቀር አዲስ አዋጅ ማውጣትም ሆነ ነባሩን ሕግ መሻር አይችልም። ድንጋጌው ግልጽ ነው፤ የሚናገረው ግን ቀድሞ ተመሥርቶ ስለ ፈረሰ ጣምራ መንግሥት ነው። ከምርጫ ማግሥት ጀምሮ አንድም መንግሥት ያልተመሠረተ እንደሆነ ጋባዡ ማን እንደሆነና ጊዜው ምን ያህል እንደሆነ በዚያ አንቀጽ አልተመለከተም። የጠቅላይ ሚኒስትሩ የሥራ ዘመን ደግሞ በአንቀጽ 72 መሠረት ከምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ጋር የተያያዘ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የቃል ጥያቄ ነው። አንቀጽ 56 አስፈጻሚውን አካል የሚያደራጀው «አብላጫ መቀመጫ» ያገኘው እንደሆነ ይናገራል። በቋንቋችን «አብላጫ» ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ማለት ነው ወይስ ከግማሽ የበለጠ? ለምሳሌ ያህል ከ547 መቀመጫዎች አንዱ ፓርቲ 200፣ ሁለተኛው 180፣ ሦስተኛው 167 ቢያገኙ፣ በመጀመሪያው ፍቺ መብቱ የአንደኛው ነው፤ በሁለተኛው ፍቺ ግን 347 መቀመጫ ይዘው የሚተባበሩት የሁለቱ ነው። የእንግሊዝኛው ቅጂ በአንቀጽ 56 የመጀመሪያውን፣ በአንቀጽ 73 ሁለተኛውን ፍቺ የሚሰጡ ቃላት ይጠቀማል። በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ስለሆነ ክርክሩ ተመልሶ በዚህች አንዲት ቃል ላይ ያርፋል።

በ2012 ዓ.ም. ምርጫው በወረርሽኙ ምክንያት በተራዘመ ጊዜ ያላለቀ ጥያቄ ምን እንደሚያስከትል አይተናል። የምክር ቤቱ ዘመን ሲያበቃ የሚደረገውን ሕገ መንግሥቱ በግልጽ ስላላስቀመጠ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን ትርጓሜ ሰጠ። ትርጓሜው ከባድ ክርክር ማስነሣቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ባለጉዳዮቹ ከታወቁ በኋላ የሚሰጥ ፍቺ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢጻፍ ከተከራካሪዎቹ አንደኛው ወገን በጥርጣሬ ማየቱ አይቀርም።

ስለሆነም ማኅበራችን ማንም አሸናፊና ተሸናፊ ባልታወቀበት ጊዜ አራት ጥያቄዎችን አጥንቶ ለሚመለከታቸው እንዲያቀርብ አሳስባለሁ። መጀመሪያ የሚጋብዝና የሚጋበዝ ማን ነው? በስንት ቀን? እስከዚያው የሚያስተዳድረው መንግሥት ሥልጣን ወሰኑ የት ላይ ነው? ድርድሩ ቢከሽፍስ ምን ይከተላል? ከፊሉን በምክር ቤቱ የአሠራር ደንብ መሙላት ይቻላል፤ የ«አብላጫ» ፍቺ ግን ሥልጣን ባለው አካል መተርጎም ይኖርበታል።

አበው «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። ባላው የሚተከለው ግን ሳይሰበር በፊት ነው።