የሚኒባሷን ናፍጣ በሚመለከት ለእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ የተደረገ ንግግር



ለቀብርና ለታማሚ ማመላለሻ የምትሆን ያገለገለች ሚኒባስ እንድትገዛ ባለፈው ጉባኤ መወሰናችሁ ይታወሳል። ሻጩ ያቀረበልን ወረቀት በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ናፍጣ ትፈጃለች ይላል። አንዳንድ አባሎች «ፋብሪካው የጻፈው ነው፣ ምኑ ይጣራል?» ብለውናል። እኛ ግን ይጣራል እንላለን። ገንዘቡ በየወሩ ከመቀነት እየተፈታ የተዋጣ ነውና።

ወረቀቱ ውሸት ነው ማለታችን አይደለም። ቁጥሩ የተገኘው ግን መንገድ ላይ አይደለም። መኪናው ቤት ውስጥ ቆሞ፣ ጎማው በሚሽከረከር ብረት ላይ እየዞረ ነው የሚለካው። በአውሮፓ እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ይሠራበት የነበረው ፈተና 20 ደቂቃ ያህል፣ 11 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። ከቆመበት ተነሥቶ 50 ለመግባት 26 ሴኮንድ ይሰጠዋል። ኧረ እንደዚያ የሚነዳ ሾፌር እዚህ ቢገኝ ከኋላው ያለው ሁሉ በጥሩምባ ያደነቁረው ነበር! ዳገት የለም፣ አሥራ ሁለት ሰው ጭኖ መውጣትም የለም።

ከዚያ ወዲህ ፈተናው ተሻሽሏል። ሆኖም የአውሮፓ ኮሚሽን በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ በ2021 የተመዘገቡ የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች መንገድ ላይ የፈጁት ከወረቀቱ 20 በመቶ ያህል በልጦ ተገኝቷል። ያውም አዳዲስ መኪኖች ናቸው። የኛይቱ ደግሞ ያገለገለች ናት፤ ወደ ዮሴፍ ስትወርድ ይቀናት ይሆናል፣ ስትመለስ ግን ከስድስት ኪሎ እስከ ሽሮ ሜዳ ያለውን ዳገት ታውቁታላችሁ።

እስቲ እናስላው። በወር 1000 ኪሎ ሜትር ብትሄድ፣ በ8 ሲታሰብ 80 ሊትር ነው። 11 ብትፈጅስ? 110 ሊትር። በዓመት 360 ሊትር ልዩነት ይመጣል ማለት ነው። መዋጮ ይጨመር ልንላችሁ ነው ያን ጊዜ።

የኤሌክትሪክ ትሻላለች ያላችሁም አላችሁ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ብዙ ሰው ወደዚያ ዞሯል፣ እውነት ነው። ነገር ግን የቻይናው ፈተና አማካይ ፍጥነት በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ በአዳማ ፈጣን መንገድ ስትነዳ ወረቀቱ ያለውን ርቀት አትጠብቁ። እሷም ብትሆን ሳትፈተን አትገዛም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ታንከሩ እስኪሞላ ይቀዳል፣ የቆጣሪው ቁጥር ይጻፋል። ሰው ተጭኖ በየዕለቱ መንገዳችን ይነዳል። ከዚያ በዚያው ማደያ፣ በዚያው መቅጃ እንደገና ይሞላል። በሁለተኛው የገባው ሊትር በ100 ተባዝቶ ለተኬደው ኪሎ ሜትር ይካፈላል። 150 ኪሎ ሜትር ሄዳ 16 ሊትር ተኩል ከገባ 11 ናት። ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየውን ቁጥር አንቀበልም።

ሻጩ ለሦስት ቀን ሊሰጠን ተስማምቷል፤ ናፍጣው በእድሩ ወጪ ነው። የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ስለምንነሣ፣ መንጃ ፈቃድ ያላችሁ ሁለት ሰዎች እንድትመጡልን፣ ለመጫንም አሥር ሰው እንድትመዘገቡልን እንጠይቃለን። ውጤቱ በዚሁ ሰሌዳ ይለጠፋል፤ ቀብዱ ከዚያ በፊት አይከፈልም።